በሐዋሳ ለሚያገለግሉ ወጣት ሚስዮናውያን የትኛው ሳይክል ይሻላል? ሦስቱ ዓይነቶች ሲመዘኑ

ከውጭ አገር ለወንጌል አገልግሎት የመጣ ወጣት ሐዋሳ ሲመደብ መጀመሪያ ከሚገዙለት ዕቃዎች አንዱ ሳይክል ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት። ከመነኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ከኮርቻ የሚያስወርድ ዳገት የለም፤ ወደ ታቦር ወይም ወደ አላሙራ ተራራ ግርጌ ካልተጠጉ በቀር መንገዱ ጉልበት አይፈትንም። ስለዚህ እዚህ ሳይክል የሚመረጠው በዳገት አቅሙ አይደለም። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰን ሰው ሳያቆሽሽ፣ በቀጠሮው ሰዓት፣ በየቀኑ ማድረስ መቻሉ ነው ዋናው። በዚህ መመዘኛ ገበያ ላይ ካሉት ሦስት ዓይነቶች ለዓይን የሚያምረው መጨረሻ ይወጣል።

ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ሳይታይ ደግሞ ሳይክሉ አይመዘንም። ወጣቶቹ የሚወጡት በሉቃስ 10፥1 እንደተጻፈው ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ጠዋት ጸሎት፣ የቃል ጥናትና የቋንቋ ትምህርት አለ፤ ከረፋዱ እስከ ማታ ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ። ልብሳቸው ቱታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ፣ ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ። ቆይታቸውም አጭር አይደለም። በኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ለምሳሌ ወጣት ወንዶች 24 ወር፣ ሴቶች 18 ወር ያገለግላሉ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን በአንድ ከተማ አይቀመጡም፣ ይዛወራሉ። ሳይክሏ ቤት ቀርታ ለተተኪው ትተላለፋለች። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌላውያን ድርጅት ሰዎች ወደ ደቡብ ሲወርዱ በበቅሎ ነበር የተጓዙት፤ በቅሎዋን ግን የሚያውቅ የሚንከባከብ ሰው አብሯት ይሄድ ነበር። ሳይክሏን የሚረከበው ብዙ ጊዜ ጎማ ቀይሮ የማያውቅ ወጣት ነው። ቀላልና ሁሉም ጋራዥ የሚያውቃት ሳይክል የምትመረጠው ለዚህ ነው።

የሚያምረው ዓይነት ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ 18 ወይም ባለ 21 ማርሽ፣ ከፊትም ከመሃልም ሞላ ያለው ማውንቴን ነው። የመሃሉ ሞላ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ይሟሽሻል፤ ጉልበቱ ወደ ጎማው ከመሄድ ይልቅ ሞላው ላይ ያልቃል። ሞላው የታሰረበት ቡሽ አቧራ ሲገባበት ይበላና የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ መዋዠቅ ይጀምራል። ከዚህ የባሰው ከኋላ የተንጠለጠለችው ማርሽ ቀያሪ ናት። ሳይክሉ አንዴ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ትጣመማለች። ሳይታወቅ በቀላሉ ማርሽ፣ ማለትም በትልቁ የኋላ ጥርስ ሲነዳ ደግሞ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ትገባለች። ያኔ ራጂው፣ ሰንሰለቱና ቀያሪዋ በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ። ያን ሁሉ ማርሽ ተሸክሞ ሐዋሳ ላይ የሚሠራበት ቢበዛ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ናቸው። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) አብሮት አይመጣም፣ ፖርቶ መጋላ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ማሰሪያ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ የለውም። በክረምት ከሸሚዙ ጀርባ ላይ የሚወጣው የጭቃ መስመር የዚህ ጉድለት ውጤት ነው። ለዚህ አገልግሎት አይገዛ።

ሁለተኛው ትልቁ ባለ 28 ጎማ፣ ያለ ማርሽ፣ ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ግን የሚፈለገው ሁሉ አብሮት አለ፤ ፓራፋንጎ፣ የሰንሰለት መሸፈኛ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ጠንካራ መቆሚያ። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። የዘንግ ፍሬን ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ክብ) ሲረጥብ መያዙ በጣም ይቀንሳል፤ በዝናብ ቀስ ብሎ ከመንዳትና ቀደም ብሎ ፍሬን ከመያዝ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሌላው የፔዳሉን ክንድ ከመሃል ዘንግ ጋር የምታያይዘው ቁልቁል የምትገባ ፒን ናት። ስትላላ በእያንዳንዱ ዙር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ያን ሰምቶ ዝም ያለ ክንዱንም ዘንጉንም ይቀይራል። ረጅም ወንድ ከሆነና መንገዱ አስፋልት ከበዛበት ጥሩ ምርጫ ነው።

ከሁሉ የምትበልጠው ሰዉ የሴት ሳይክል የሚላት ናት። ባለ 26 ጎማ፣ መሃል ብረቷ ዝቅ ያለ፣ ያለ ማርሽ፣ ከፊት ቅርጫት፣ ከኋላ ፖርቶ መጋላ ያላት። ወንዶቹ በስሟ ምክንያት ሲያልፏት ማየት ያሳዝናል። በቀን ብዙ ጊዜ ለሚወርድና ለሚወጣ፣ ቆሞም ሰላምታ ለሚሰጥ ሰው እግር ከፍ አድርጎ መሻገር የሌለባት ሳይክል ትልቅ ዕረፍት ናት፤ ጠባብ ሱሪም አትቀድድም። ቀሚስ ለሚለብሱት ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል። ለነርሱ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ከፓራፋንጎው እስከ ዘንጉ መረብ ይወጠር። ጠንካራ የዓሣ መረብ ቁራጭ ይበቃል፤ ሐይቅ ዳር አይጠፋም። ቀሚስ ራጂ ውስጥ ሲገባ ጎማው ባንዴ ስለሚቆም አወዳደቁ ክፉ ነው።

ሁለቱም ጓደኞች አንድ ዓይነት ሳይክል ይያዙ። አንድ መለዋወጫ ካላማዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ)፣ አንድ ፖምፓና አንድ የመፍቻ ስብስብ ለሁለቱም ይሆናል፤ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ጋር አስተያይቶ ጥፋቱን ማግኘትም ይቻላል።

አዲስ ሳይክል የሚገጣጠመው ሱቅ ውስጥ በጥድፊያ ነው፤ አብዛኛው ችግርም ከዚያ ይጀምራል። ከሱቁ ሳይወጣ የፊቱ ሹካ ወደፊት መዞሩ ይታይ። ተገልብጦ ከተገጠመ የፊት ጎማው ወደ እግር ይጠጋል፣ ሲታጠፍም ጫማ ይነካል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲሽከረከር ቸርኬው በሁለቱም ወገን ከፍሬን ላስቲኩ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ርቆ መዞር አለበት። ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ግራሶ የሌለበት ሳይክል ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች፣ የመሪው አንገትና የፔዳሉ መሃል ተከፍተው ግራሶ እንዲገባባቸው ገና ሲገዛ ይከፈልበት።

ፔዳል ሲገጠም በተለይ አይቸኩሉ። የግራው ፔዳል ጥርስ ግልባጭ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ በ15 ቁጥር ቁልፍ አስገድዶ ካስገባው የክንዱ ጥርስ ይላጫል፤ ፔዳሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ መንገድ ላይ ይወልቃል። ክንዱን የሚይዘው ዳዶም በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ይጥበቅ። እየላላ ከተነዳ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይከብና ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይያዝም።

የኮርቻ ከፍታ የሚለካው ተቀምጦ ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ በማሳረፍ ነው፤ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ብሎ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን በሳምንታት ውስጥ ያመዋል። ሰው በተዛወረ ቁጥር ልኩ ስለሚለወጥ በኮርቻው ቱቦ ላይ በቀለም የየሰዉን ልክ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ጎማው ላይ በጎኑ የተጻፈ የአየር ልክ አለ፤ ለ26 ጎማ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ኮብልስቶንና አስፋልት ለተቀላቀለበት የሐዋሳ መንገድ 50 አካባቢ ይስማማል። ሲያንስ ካላማዳሪው ከኮብልስቶኑ ጠርዝና ከቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ እባብ የነከሰው ይመስል ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያወጣል። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ሲነፋ በአጭር በአጭሩ ይሁን። ካላማዳሪው የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ አንድ ረጅም ግፊት ሊያፈነዳው ይችላል።

የግራር እሾህ የበሳው ከሆነ ቀዳዳውን መድፈን ብቻውን አይበቃም። የጎማው ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይዳሰስ፤ እሾሁ ካልወጣ አዲሱንም ይበሳዋል። ሲለጠፍ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባ፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፣ ከዚያ ልጣፉ በኃይል ይጫን። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ልጣፍ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ይነሳል።

ሱሪና ቀሚስ የሚያጠፋው ሰንሰለቱ ነው። ብዙ ቦታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ ከመጀመሪያውም ጥቁር ነው፣ አቧራውንም ይሰበስባል፣ ጥርሱንም እንደ ሞረድ ይበላል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሻላል። በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ከላይ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጎ መጥረግ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው፤ ላዩ ደረቅ ከሆነ ሱሪ አይነካም። ይህ በሳምንት አንዴ፣ ልብስ በሚታጠብበትና አስቤዛ በሚገዛበት ቀን ይሠራል፤ ዝናብ ከመታው ግን በማግስቱ። የሰንሰለቱ 24 መገጣጠሚያ ርዝመት ሲለካ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ሲደርስ ይቀየር፤ ከቆየ የፊትና የኋላ ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል።

ፖርቶ መጋላ ላይ ሰው አይጫን። መጽሐፍና ውኃ ይታሰርበት፤ ሰው ሲቀመጥበት የኋላው ጎማ ራጂ ይሰበራል። አንድ ሲሰበር የቀሩት ሸክሙን ስለሚካፈሉ በየተራ ይከተሉታል። ስለዚህ አንዱ በተሰበረበት ቀን ይተካ።

መንገድ ላይ ዋናው አደጋ ባጃጅ ነው። ተሳፋሪ ሲያይ ምልክት ሳያሳይ ወደ ዳር ይታጠፋል። ከቆመ ባጃጅ ጎን ሲያልፉ አንድ ሜትር ያህል መራቅ፣ ከሚሄደው በቀኝ በኩል ፈጽሞ አለመቅደም። ሁለቱ ጓደኞች ጎን ለጎን ሳይሆን በተከታታይ ይንዱ፤ የኋለኛው ቢያንስ የሁለት ሳይክል ርዝመት ይተው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የሌለው እግረኛ ሆኖ ይግባ። ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍተት ትቶ ይደረግ፤ አንዴ ከመሬት ጋር የተጋጨ ስንጥቁ ባይታይም ይጣል።

ሲቆሙ ሁለቱ ሳይክሎች በአንድ የቁልፍ ሰንሰለት፣ የአንዱ ብረት ከሌላው የኋላ ጎማ ጋር ይታሰሩ። ርክክብ በሚደረግበት ቀን ቁልፉ ከነመለዋወጫው፣ ሰንሰለቱና ጎማዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ከተጻፈበት ደብተር ጋር ለተተኪው ይሰጥ።