አሮጌ ሰርቨር ከሴፍ ክላስተር ማውጣት፦ ከ3 ዓመት በኋላ የኔ ሪቪው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሴፍን (Ceph፣ ብዙ ሰርቨሮችን አንድ ስቶሬጅ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው) እውነተኛ ስራ ላይ መጠቀም ከጀመርን 3 ዓመት አለፈን። ስለ ኢንስታሌሽኑና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ሰው ስለጻፈ እሱን አልደግምም፣ እኔ መጻፍ የፈለኩት ብዙም ስለማይወራው ነገር ነው፣ ሰርቨር ሲያረጅ ከክላስተሩ (አብረው ከሚሰሩት ሰርቨሮች ስብስብ) እንዴት ነው ሚወጣው፣ ስናወጣውስ ላዩ ላይ ያለው ዳታ ምን ይሆናል የሚለው። ስቶሬጅ ስትመርጡ ስንት ቴራ እንደሚይዝና ስንት ሰርቨር መጨመር እንደሚቻል ነው ሚነገራችሁ፣ ስለ መቀነስ ሚያነሳላችሁ የለም፣ ግን እኮ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም፣ ዋስትናው ያልቃል፣ ዲስኩ ያረጃል፣ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ ዳታ ሲጠፋ በአይኔ ያየሁት የዛን ቀን ነው።

በፊት እሰራበት የነበረው ቦታ ሌላ ዓይነት ስቶሬጅ ነበረን፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ሳይሆን የአሰራራችን ነበር። እያንዳንዱ ፋይል 2 ኮፒ ነበረው፣ አንድ የቆየ ሰርቨር ጡረታ ይውጣ ተባለ፣ ሌላ ጋ ኮፒው አለ አይደል ተብሎ ዝም ብሎ ተዘጋ፣ በዛው ቀን ዲስኮቹ ፎርማት ተደረጉና ሞዴል 19 ተቆርጦ ለንብረት ክፍል ገቢ ሆነ። ሲስተሙ የጎደለውን ኮፒ ከቀሩት ሰርቨሮች እያባዛ እያለ በሁለተኛው ቀን ሌላኛው ሰርቨር ላይ ያለ አንድ ዲስክ ሞተ፣ እሱም ከወጣው ሰርቨር ጋር አብሮ የተገዛ ስለነበር እድሜያቸው እኩል ነበር። ያኔ ገና ያልተባዙት ፋይሎች ውሃ በላቸው። ስካን የተደረጉ ሰነዶች ነበሩ፣ ወረቀቱ ስላለ ሁለት ልጆች ወር ሙሉ ቁጭ ብለው እንደገና ስካን አደረጉት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለዳታ ኮፒም ይሰራል፣ እኛ ግን አንድ ቀርቶን እያለ ተኝተን ነበር። እስካሁን ሚቆጨኝ ደግሞ ፎርማቱ ነው፣ ዲስኮቹ ሳይነኩ ለአንድ ሳምንት ቢቀመጡ ኖሮ ሰርቨሩን መልሰን አስነስተን ሁሉንም እናወጣው ነበር።

ወደ ሴፍ ልምጣ። ለማያውቀው ባጭሩ፣ ሴፍ ብዙ ተራ ሰርቨሮችን አገናኝቶ አንድ ትልቅ ስቶሬጅ የሚያደርግ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ሴጅ ዋይል የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ፒኤችዲውን ሲሰራ የጀመረው ነው፣ በ2006 ጥናቱ ወጣ፣ በኋላ ያቋቋመውን ድርጅት በ2014 ሬድ ሃት በ175 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዳታውን ፒጂ በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፍለውና እያንዳንዱን ፒጂ የትኞቹ ዲስኮች ላይ እንደሚያስቀምጥ ክረሽ በሚባል አልጎሪዝም ራሱ ያሰላዋል፣ ክራሽ ከሚለው ጋር እንዳይምታታባችሁ። እያንዳንዱን ዲስክ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኦኤስዲ ይባላል። ካልነካችሁት ኮፒው 3 ነው፣ ከ3ቱ 2 እስካለ መጻፍም ማንበብም ይቀጥላል፣ 1 ብቻ ከቀረ ግን እዛ ፒጂ ላይ ያለውን ስራ ያቆመዋል። ሲያቆም ተጠቃሚው ይጮኻል፣ ግን እኔ በዛኛው ቦታ ከደረሰብን በኋላ ይሄ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ ነው ማምነው።

አሁን ዋናው። ሴፍ ላይ ሰርቨር መዝጋትና ሰርቨር ማውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዘጋችሁት ኮፒዎቹ 3 የነበሩት ወዲያው 2 ይሆናሉ፣ ሴፍም መጀመሪያ ይመለስ ይሆናል ብሎ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ካልተመለሰ ነው ማባዛት የሚጀምረው፣ በዛ ሁሉ ሰዓት ዳታችሁ አንድ ኮፒ ጎድሎት ነው ያለው። በስርአቱ ስታወጡት ግን ሰርቨሩ እየሰራ ዌይቱን (ምን ያህል ዳታ እንደሚደርሰው የሚወስነውን ቁጥር) 0 ታደርጉታላችሁ፣ እሱ ራሱ ላዩ ላይ ያለውን ለሌሎቹ እያካፈለ ያራግፋል፣ አዲሱ ቦታ ላይ ኮፒው ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ የድሮው አይጠፋም፣ ስለዚህ በአንድም ደቂቃ ከ3 ኮፒ አትወርዱም። ስቴተሱን ስታዩት ሁለት ቃል አለ፣ ዲግሬድድ እና ሚስፕሌስድ፣ ጀማሪ ሰው ሁለቱንም ሲያይ ይደነግጣል። ሚስፕሌስድ ማለት ኮፒው ሙሉ ነው ግን መሆን ያለበት ቦታ ላይ አይደለም፣ ዲግሬድድ ማለት ኮፒ ጎድሏል። ሰርቨር ስታወጡ ማየት ያለባችሁ ሚስፕሌስድን ብቻ ነው፣ ዲግሬድድ የሚል ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡና ምን እንደሆነ እዩ።

ባለፈው የመጀመሪያውን ሰርቨር ያወጣነው ቅዳሜ ማታ ነው። 5 ሰርቨር ነበረን፣ ሁሉም እኩል ዲስክ ያላቸው፣ ዌይቱን 0 ስናደርገው ሚስፕሌስድ 19 ነጥብ ምናምን ፐርሰንት አለ፣ ከ5 አንዱ ስለሆነ ማለት ነው፣ ከዛ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ገና 14 ላይ ነበር፣ አብሮኝ የነበረው ልጅ እንዝጋውና ራሱ ይጨርሰው አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደክሞታል አልፈርድበትም፣ አይ ብዬ ሂድ ተኛ አልኩት፣ እኔም ሄድኩ፣ ምክንያቱም እኛ ኖርንም አልኖርንም ስራው ይቀጥላል። ሰኞ ከሰዓት ነው ያለቀው። ብዙ ሰው ይሄን ሰዓት ቀድሞ ስለማያሰላው ነው የሚቸኩለው፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ ቢበዛ 110 ሜጋባይት አካባቢ ነው ሚያሳልፈው፣ 20 ቴራ ለማራገፍ 50 ሰዓት ማለት ነው፣ ያውም ተጠቃሚው ኔትወርኩን ካልተጋራችሁ። ስለዚህ አንድ ማታ የጥገና ፈቃድ ጠይቃችሁ ሰርቨር አወጣለሁ አትበሉ፣ ለአለቃችሁ ቀድማችሁ ሁለት ሶስት ቀን ነው በሉት።

የሚቀጥለው ነገር ነው ሴፍን እንድወደው ያደረገኝ። ሴይፍ ቱ ዲስትሮይ የሚባል ትዕዛዝ አለው፣ የዲስኩን ቁጥር ሰጥታችሁ ይሄን ባጠፋው ዳታዬ ይጎዳል ወይ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። ገና ካላራገፈ እዚህ ላይ ይሄን ያህል ፒጂ አለ ብሎ ቁጥሩን ይነግራችኋል፣ ካለቀ ደግሞ የዳታው ደህንነት ሳይቀንስ ማጥፋት ይቻላል ብሎ በግልጽ ይመልሳል። ኦኬ ቱ ስቶፕ የሚባልም አለ፣ እሱ ለጊዜው ባቆመው ስራ ይቆማል ወይ ለሚለው ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ፣ ለማቆም ኦኬ የሆነ ዲስክ ለማጥፋት ኦኬ ነው ማለት አይደለም። በፊት ስንሰራ የነበረው በግምት ነበር፣ ፐርሰንቱን አይተን ያለቀ ይመስለናል፣ አሁን ግን ሲስተሙን ጠይቀን መልሱን ኮፒ አድርገን ከንብረት መመለሻው ፎርም ጋር አያይዘን ነው ምናስቀምጠው።

ቅር ያለኝንም ልናገር። አንደኛ፣ አውት የሚለው ትዕዛዝ። ስሙን ስታዩት ለማውጣት የተሰራው እሱ ይመስላችኋል፣ ዳታውንም በትክክል ያራግፋል፣ ችግሩ በኋላ ዲስኩን ከክረሽ ማፕ (ሰርቨሮቹና ዲስኮቹ ከነዌይታቸው ከተዘረዘሩበት) ስታጠፉት የሰርቨሩ ጠቅላላ ዌይት ስለሚቀየር እንደገና ዳታ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ሁለት ጊዜ ማጓጓዝ ማለት ነው። ከመጀመሪያው የክረሽ ዌይቱን 0 ካደረጋችሁት ግን አንዴ ብቻ ነው። ይሄን እኛ ያወቅነው አንድ ዲስክ ላይ ሞክረን ሲንቀሳቀስ አይተን ነው።

ሁለተኛ፣ ፐርጅ ስታደርጉ (ዲስኩን ከክላስተሩ ጨርሳችሁ ስትሰርዙ) የስ አይ ሪሊ ሚን ኢት (አዎ የምሬን ነው) የሚል ረጅም ማረጋገጫ አለ፣ የምታገኟቸው ምሳሌዎች ላይ ሁሉ ስላለ እጃችሁ ይለምደዋል፣ ያንን ስትጽፉ ግን አትከልክለኝ እንዳላችሁት ነው። ስለዚህ ሴይፍ ቱ ዲስትሮይን ለብቻው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ማረጋገጫው ይጠብቀኛል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሶስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ በተለይ እዚህ ሀገር ብዙ ቦታ በ3 ሰርቨር ስለሚጀመር። ኮፒው 3 ሆኖ እያንዳንዱ ኮፒ የተለያየ ሰርቨር ላይ ይሁን ካላችሁ፣ ከ3 ሰርቨር አንዱን ማራገፍ አይቻልም፣ ሶስተኛው ኮፒ የት ይሄዳል? ዌይቱን 0 ብታደርጉት ሳምንት ብትጠብቁ አያልቅም፣ ሴይፍ ቱ ዲስትሮይም አይፈቅድላችሁም፣ ልክ ነው አለመፍቀዱ። አንድ የማውቀው ልጅ ይሄ ገጥሞት ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ በግድ ሊያወጣው ነበር፣ በስልክ ነው ያስቆምኩት። መፍትሄው አዲሱን ሰርቨር መጀመሪያ ማስገባት ከዛ አሮጌውን ማራገፍ ነው። ኢሬዠር ኮዲንግ (ሙሉ ኮፒ ከማባዛት ይልቅ ዳታውን ቆራርጦ፣ የጠፋ ቁራጭ የሚተካበት ፓሪቲ የሚባል ተጨማሪ ቁራጭ የሚያስቀምጥ ዘዴ) ለምትጠቀሙም ያው ነው፣ 4 ዳታና 2 ፓሪቲ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ የተለያየ ሰርቨር ላይ ካደረጋችሁት ቢያንስ 6 ሰርቨር ሁሌ ያስፈልጋል፣ አንድ ለማውጣት 7ኛ መኖር አለበት።

ቦታውንም አስሉ። 5 ሰርቨር እያንዳንዱ 40 ቴራ ቢሆን ጠቅላላ 200 ነው፣ 130ው ከተያዘ 65 ፐርሰንት ነው፣ ሰፊ ነው ትላላችሁ፣ አንዱን ስታወጡ ግን ያው 130 በ160 ላይ ነው ሚያርፈው፣ 81 ፐርሰንት። ሴፍ ካልቀየራችሁት 85 ላይ ያስጠነቅቃል፣ 90 ላይ ወደዛ ዲስክ ማራገፉን ያቆማል፣ 95 ላይ መጻፍ ይከለክላል፣ ዲስኮቹ ደግሞ እኩል ስለማይሞሉ አማካዩ 81 ሲሆን አንዱ ዲስክ 88 ሊሆን ይችላል። መሀል መንገድ ላይ ከቆመባችሁ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ነው ይሄ ሂሳብ።

ሌላ የሚረሳ ነገር ሞኒተሩ ነው፣ ስክሪኑን ሳይሆን የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተለውንና በአብላጫ የሚወስነውን የሴፍ ፕሮግራም ማለቴ ነው። የሚወጣው ሰርቨር ላይ ዲስክ ብቻ ሳይሆን ሞኒተርም ካለ፣ ከ3 ሞኒተር አንዱን ሳትተኩ ካወጣችሁ 2 ትቀራላችሁ፣ ከዛ አንዱ ቢጠፋ አብላጫ ስለሌለ ክላስተሩ በሙሉ ይቆማል፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር እስኪነሳ በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ አንድ ሰርቨር ሳይነሳ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሞኒተሩን ሌላ ሰርቨር ላይ አስነሱ። አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ ሴፍአድም (ሴፍን የሚተክልና የሚያስተዳድር መሳሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሆስት ድሬን የሚል ትዕዛዝ አለ፣ ዲስኮቹንም ሌሎቹንም ሰርቪሶች አንድ ላይ ያነሳላችኋል፣ እስኪያልቅ ጠብቆ ነው ዲስኩን የሚያስወግደው፣ ዛሬ ብጀምር በሱ ነው ምሄደው።

ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር ያህል፣ ሃዱፕ ኤችዲኤፍኤስ (ሌላ የብዙ ሰርቨር ስቶሬጅ ነው) ላይ ይሄ ስራ ከሴፍ ይቀላል፣ የሰርቨሩን ስም ኤክስክሉድ ፋይል (የሚወጡት ሰርቨሮች ዝርዝር) ላይ ጽፋችሁ ኔምኖዱን (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀውን ዋናውን) ሪፍሬሽ ታደርጉታላችሁ፣ ዲኮሚሽን ኢን ፕሮግረስ ከሚለው ዲኮሚሽንድ ወደሚለው እስኪቀየር መጠበቅ ነው፣ በቃ። ግሉስተር (ይሄም ሌላ ስቶሬጅ ነው፣ ብሪክ የሚባለው አንድ ሰርቨር ላይ ያለ የዳታ ማስቀመጫ፣ ቮሊዩም ደግሞ የብሪኮቹ ድምር ነው) ላይ ደግሞ ሪሙቭ ብሪክ ስታርት፣ ስቴተስ፣ ኮሚት የሚባሉ ሶስት እርምጃዎች አሉ፣ ስቴተሱ ኮምፕሊትድ ሳይል ፎርስ ብሎ ያስገደደ ሰው ያልተጓጓዘው ፋይል ከቮሊዩሙ ይጠፋበታል፣ ብሪኩ ላይ ግን ስለሚቀር እዛም ዲስኩን ቶሎ ፎርማት አለማድረግ ያተርፋል።

ሴፍን ማን ይጠቀም ብትሉኝ፣ 4 ሰርቨርና ከዛ በላይ ያለው፣ ቢያንስ 10 ጊጋቢት ኔትወርክ ያለውና ሁለት ሰው የሚመድብ ቦታ ይጠቀም፣ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በአውት ጉዳይና የ3 ሰርቨሩን ነገር ጀማሪው በሚያየው ቦታ በደማቁ ጽፎ ስለማያስጠነቅቅ ነው። 2 ወይ 3 ሰርቨር ብቻ ያለው ሰው ሌላ ቀላል ነገር ይዞ ጥሩ ባካፕ ቢኖረው ይሻለዋል፣ ባካፕ ደግሞ ሴፍ ያለውም ያስፈልገዋል፣ 3 ኮፒ በስህተት ዲሊት ከተደረገ ፋይል አያድንም።

ያወጣነው ሰርቨር ዲስኮቹ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ቁጥራቸውና የወጡበት ቀን በማርከር ተጽፎባቸዋል። ንብረት ክፍል ሁለቴ ጠይቆናል፣ ዲስኮቹ ከወጡ 30 ቀን ሲሞላና ስክረቡ (ሴፍ ኮፒዎቹን እርስ በርስ እያወዳደረ ስህተት ሚፈልግበት ፍተሻ) ያለ ስህተት ሲያልቅ እናስረክባለን ብለን ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል።