ነፃነት ጦር ያጠነክራል? ስለጨረስኩት የኦንላይን ኮርስ

የፖለቲካና የኢኮኖሚ ነፃነት ለጦር ብቃት ምን ያህል ይጠቅማል የሚል የኦንላይን ኮርስ ሰሞኑን ጨረስኩ። ከፍዬ ነው የገባሁት፤ አልቆጨኝም። ግን አንድ ትልቅ ቅሬታ አለኝ።

አጀማመሩ ደካማ ነው። «ነፃ ሰው በጀግንነት ይዋጋል» እያለ ሁለት ክፍል ይፈጃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ከፋርስ ጋር በተደረገው የሳላሚስ የባሕር ውጊያ የግሪኳን ከተማ የአቴንስን መርከቦች የቀዘፉት በአብዛኛው ነፃ ዜጎች ነበሩ፤ ልክ ነው። ግን በ404 ያቺው አቴንስ በሄሎት ገባሮች ጉልበት ለምትኖረው ስፓርታ እጅ ሰጠች። ይሄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። ስለ ብድር ነው። የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1694 ሲቋቋም ለመንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ አበደረ፤ ገንዘቡ የተፈለገው ከፈረንሳይ ጋር ለነበረው ጦርነት ነው። ሰዎች ብራቸውን ያወጡት ፓርላማው ግብር ሰብስቦ እንደሚከፍላቸው ስላመኑ ነው። ፈረንሳይ በሕዝብ ብዛት በጣም ትበልጥ ነበር፤ ንጉሧ ግን ሲቸግረው ዕዳውን ይክድ ስለነበር አበዳሪ የሚያገኘው በውድ ነው። የጦር መርከብ የሚሠራው በአበዳሪ እምነት ጭምር መሆኑን እንዲህ አፍታቶ ያስረዳኝ የለም።

ምርጡ ግን ስለ ፍርሃት የሚያወራው ክፍል ነው። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በገዛ ጦሩ ላይ ባካሄደው የእስርና የግድያ ዘመቻ ከአምስት ማርሻሎች (ከፍተኛው የጦር ማዕረግ) ሦስቱ አለቁ። ሮኮሶቭስኪ የሚባል የጦር አዛዥም ታስሮ፣ ተደብድቦ በ1940 ተፈታ። ይኸው ሰው በግንቦት 1944 ስታሊን ፊት ቆሞ «ጀርመኖችን በሁለት አቅጣጫ ነው መምታት ያለብን» አለ። «ውጣና አስብበት» ተባለ። ተመልሶ ያንኑ ደገመ። እንደገና አስወጡት። ሦስተኛም አልለወጠም፤ ስታሊን ተቀበለው፤ በሰኔ በተጀመረው ማጥቃት የጀርመን ማዕከላዊ ጦር ተሰባበረ። እዚህ ጋ አቁሜ ወደኋላ መልሼ ሰማሁት፤ ምክንያቱም አገሪቱ ነፃ አልነበረችም፣ እውነቱ ግን ያን ቀን እስከ ላይኛው አለቃ ድረስ ደረሰ።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሳል። የሂትለር ጦር በ1940 ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ጣለ። አገሩ በአምባገነን ይገዛል፣ የበታች መኮንኑ ግን ሜዳ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ይወስን ነበር። ኮርሱ ለዚህ የሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው! ነፃነት የሚያስፈልገው አገሩ ውስጥ ነው ወይስ ጦሩ ውስጥ ቢሆንም ይበቃል? ለእኔ የኮርሱ ዋና ጥያቄ ይሄ ነበር፤ መልስ ፍለጋ የመጨረሻውን ክፍል ሁለቴ ሰማሁት፣ የለም።

የምትገቡ ካላችሁ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሩ። ካርታዎቹ ደግሞ ስልክ ላይ አይነበቡም፤ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት።