ክረምቱን የተሻገሩት ስፒከሮቼ፦ ጅማ ላይ የተሠራ ጥንድ ከወራት በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ድምፃቸው ጥሩ ነው። ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ከጥሩም ያልፋል። ግን ነገሩ የድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ግምገማ ሠርቼ በጨረስኩ ሰሞን እጽፈው ነበር። ሆን ብዬ የጠበቅኩት ክረምቱን ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። እዚህ ለተሠራ የእንጨት ሳጥን ዋናው ፈተና ሙዚቃ አይደለም፣ እርጥበት ነው። ጥቅምት ላይ አለቁ፣ በጋውን ደረቁ፣ ከዚያ ዝናቡ ያዛቸው። አሁን መስከረም ጠብቷል፤ መናገር ይቻላል።

በአጭሩ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። መካከለኛ መጠን ያላቸው የጠረጴዛ ስፒከሮች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ አንድ 16 ሳንቲ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና አንድ 25 ሚሊ የጨርቅ ቱዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው) አለ፤ የሁለቱም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 8 ኦም ነው። የሳጥኑ ውስጥ 18 በ25 በ32 ሳንቲ ነው፣ ወደ 14 ሊትር ይመጣል። ከኋላ ውስጡ 5 ሳንቲ የሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቷል፣ ርዝመቱ 14 ሳንቲ ተኩል። በዚህ ልክ ቧንቧው 48 ኸርዝ አካባቢ ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ይሠራል፤ ዉፈሩ ብቻውን የሚደክምበት ቦታ ላይ ያግዘዋል ማለት ነው። ስሌቱ የኔ አይደለም። መሐንዲሱ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሰፋው ነው። ዛሬ በነፃ ፕሮግራም ስልክ ላይ ሳይቀር ይሰላል።

ስሌቱ ግን የዉፈሩን ቁጥሮች ይፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያገኘሁት በአብዛኛው የመኪና ስፒከር ነበር፤ 4 ኦም፣ ለበር የተሠራ፣ ካርቶኑ ላይ ከዋት ብዛት በቀር ሌላ ነገር ያልተጻፈበት። ያ የዋት ቁጥር ደግሞ እንዲያው ለዓይን ነው። ስለዚህ ዉፈሩና ቱዊተሩ እንደ ብዙ ነገራችን በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጡ። ስመርጥ አንድ ነገር ላይ ብቻ ድርቅ ብያለሁ፦ ኮኑ፣ ማለትም የሚርገበገበው ክፍል፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ደግሞ ጎማ ይሁን። ያልታከመ የወረቀት ኮን እርጥበት ይጠጣል። ዙሪያው ፎም የሆነ ዉፈር ደግሞ ከዓመታት በኋላ እየተፈረፈረ ይወድቃል። አሮጌ ቴፕ የከፈተ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ጅማ ላይ አናጢ ፈልጎ ማጣት የለም። ወንበር ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ከተማ ነው፤ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው እጁ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የኔ አናጢ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሥዕሉን ገልብጠው አዩትና «ይሄ የርግብ ቤት ነው?» አሉኝ። ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሳጥን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እውነተኛው ክርክር የመጣው ግን ሳጥኑ በኮምፔርሳቶ ይሠራ ስላቸው ነው። «ዋንዛ እያለ ኮምፔርሳቶ?» ተቀየሙኝ ማለት ይቻላል።

ለዋንዛ የሚከራከር ሰው እውነት አለው። ቀላል ነው፣ ለመጋዝ አያስቸግርም፣ መልኩም ያምራል፤ ከበሮ ሳይቀር ይሠራበታል። ግን ወጥ እንጨት ነው። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ያውም ወደ ጎን እንጂ ወደ ርዝመቱ አይደለም ለማለት ይቻላል። ስድስት ፊት ያለው፣ አየር እንዳያስገባ በኮላ የተዘጋ ሳጥን ከወጥ ጣውላ ብትሠሩ አንዱ ፊት ሲያብጥ ሌላው አልሄድም ይላል። ወይ መገጣጠሚያው ይለቃል ወይ ጣውላው ይሰነጠቃል። ኮምፔርሳቶ ውስጥ ያሉት ንጣፎች አንዱ ለአንዱ ተሻግረው ስለሚጣበቁ ይያያዛሉ። ኤምዲኤፍ፣ ያ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ለድምፅ ምንም አይልም፣ ቀለምም ያምርበታል፤ ግን ጠርዙ ውሃ ከቀመሰ እንደ ነበረ አይመለስም። ለዚህ ከተማ አልመክረውም።

የታረቅነው ሁለቱንም በመጠቀም ነው። ሳጥኑ ከ18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ተሠራ። ግራና ቀኙ ላይ 15 ሚሊ የዋንዛ ጣውላ ተለበጠበት። ልባጩን ሲያስሩት ጋሼ የሠሩት ሥራ የዚህ ሁሉ ፕሮጀክት ምርጡ ነገር ነው። ሙሉውን ኮላ አልቀቡትም። መሃሉ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር ኮላ አስመሩ፤ ዳርና ዳሩን በሞላላ ቀዳዳ፣ ከውስጥ በብሎንና በጎማ ሮንዴላ ያዙት። ጣውላው ሲያብጥ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ሳጥኑን አያስጨንቅም። ስለ ስፒከር ምንም ሳያውቁ፣ ስለ ጅማ አየር ግን ሁሉንም እያወቁ የሠሩት ነው።

ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ። የፊት ሰሌዳው ከዋንዛው ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ክፍተት አለ። ጥር ላይ ጥፍሬ ይገባበት ነበር። ሐምሌ ላይ ወረቀት አላስገባ አለኝ። አሁን ዝናቡ ሲቀንስ እንደገና መከፈት ጀምሯል። ከኋላው ኮምፔርሳቶ ስላለ አየር አያልፍም፣ ድምፁም አይነካም። ይህ ክፍተት ባይኖር ኖሮ የት ይሰነጠቅ እንደነበር ማሰብ ነው።

ማጠናቀቂያው ከሳጥኑ የበለጠ ጊዜ በላ። ፊቱ ስቱኮ ተደርጎ፣ ተፈግፍጎ፣ ማት ጥቁር ተቀባ። የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ስፖንጅ ነው፤ ኮላ በውሃ አቅጥኖ ቀድሞ ማጥገብ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀለሙን እየዋጠ የንጣፎቹን መስመር መልሶ ያሳያል። ዋንዛው በብርጭቆ ወረቀት ከ120 ተነስቶ በ180 እና በ240 አልፎ ወደ ቫርኒሽ ገባ። በየቅቡ መካከል በ320 ቀለል ተደርጎ መታሸት አለበት። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር፤ ተሻግራችሁ ከፈገፈጋችሁ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲነካው ነው ብቅ የሚለው።

ላከር ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ፈጥኖ ይደርቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አየሩ እርጥብ ሲሆን ፈሳሹ በፍጥነት ሲተን የሚቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ ውሃ ላዩ ላይ ያርፋል፣ ቅቡም እንደ ጉም ይነጣል። ስለዚህ ላከርም ሆነ ቫርኒሽ ጅማ ላይ የበጋ ሥራ ነው። ክረምት ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ለቀናት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አቧራውንም ትንኙንም ይሰበስባል።

ክሮስኦቨሩን፣ ድምፁን ለዉፈሩና ለቱዊተሩ የሚያከፋፍለውን ሰርኪት፣ በአጭሩ ልለፈው። ዉፈሩና ቱዊተሩ የሚለያዩት 2,500 ኸርዝ አካባቢ ነው። መሐንዲሱ ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መንገድ ሁለቱም በመለያያው ነጥብ ላይ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፤ ሲደመሩ ጉብታም ጉድጓድም አይኖርም። በዚህ ዓይነቱ ላይ የቱዊተሩ ሽቦ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ነው የሚያያዘው፤ ስህተት መስሏችሁ እንዳታስተካክሉት። ቀመሩ ለ8 ኦም 4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 1 ሚሊሄንሪ የሽቦ ጥቅል ይላል። ያ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የእውነተኛ ዉፈር ኦም እንደ ድምፁ ከፍታ ይቀያየራል። የኔዎቹ በማይክ ተለክተው ነው የተስተካከሉት። ቱዊተሩም ከዉፈሩ ይልቅ ስለሚጮህ በሬዚስተር ተገትቷል።

ድምፁስ? የመጀመሪያው ፈተናዬ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። የከተማችን ልጅ ነው፣ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ተወለደ፤ ግን የመረጥኩት ለዚያ ብቻ አይደለም። እሱ የሚጫወተው ቫይብራፎን፣ በመምቻ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ፣ ክሮስኦቨርን ያጋልጣል። መምቻው ብረቱን ሲነካ ያለችው ቅጽበት ከቱዊተሩ፣ የሚቀረው ርዝመት ከዉፈሩ ይመጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ መሣሪያ ሁለት ቦታ የቆመ ይመስላል። እዚህ አንድ ቦታ ነው የቆመው፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ትንሽ ወደ ኋላ።

ሁለተኛው በገና ነው። በሁዳዴ ቤታችን ከሌላ ሙዚቃ ይጾማል፣ ስለዚህ በቂ ጊዜ ነበረኝ። በገና 10 አውታር አለው፤ በየአውታሩ ሥር ያለችው እንዚራ፣ ያቺ ቁራጭ ቆዳ፣ ናት ዝዝ የምታሰኘው። በስልክ ዝዝታው ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ከሥሩ ያለው ወፍራም ድምፅ አብሮ ይመጣል። አንድ ሰሞን ግን ሌላ የመንቀጥቀጥ ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኑ ለቀቀ ብዬ ደነገጥኩ። ለካስ ቡፌው ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ናቸው! ከሥራቸው ጨርቅ ሲነጠፍ ጠፋ። ስፒከር ከመፍታታችሁ በፊት ቤቱን ፈትሹ።

የማይችሉትንም ልናገር። ከ45 ኸርዝ በታች የለም በሉት። ሠርግ ቤት የሚያናጋ ባስ የሚፈልግ ሰው ይቅርበት። ከግድግዳ በጣም ስታርቋቸው ይቀጥናሉ፤ የፊታቸው ስፋት 24 ሳንቲ ከግማሽ ስለሆነ ከ500 ኸርዝ ዝቅ ያለው ድምፅ ወደ ኋላም ይበተናል። ከኋላ አንድ ስንዝር ያህል ስተውላቸው ግድግዳው ይመልሰዋል፣ ድምፁም ይሞላል። እና ደግሞ ቆርቆሮው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሃይ ፋይ ብሎ ነገር የለም። ከፍ አድርጋችሁ አትታገሉ፣ ዝም ብላችሁ ቡና አፍሉ።

አምፑ፣ ድምፁን የሚያጎላው፣ ክላስ ዲ የሚባል ኃይል ቆጣቢ ዓይነት ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ እንደ ባትሪ ባለ ዲሲ ኤሌክትሪክ የሚሠራ። የመረጥኩት መብራት ስለሚጠፋ ነው። በ24 ቮልት አዳፕተር ይሠራል፤ መብራት ሲሄድ ከሶላሩ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ በ8 ኦም ላይ ወደ 9 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። ያንሳል ትሉ ይሆናል። ዉፈሩ በ1 ዋት በ1 ሜትር ላይ 86 ዴሲቤል ይሰጣል፤ 9 ዋት ሲሆን 95 ይደርሳል። ሳሎን ውስጥ ከዚያ በላይ ከሆነ ጎረቤት ይመጣል።

በወራቱ የታየ ጉዳት ብዙ አይደለም። የሽቦ ማያያዣዎቹ ነሐስ ክረምት ላይ አረንጓዴ ማለት ጀመረ፤ በአልኮል ጠረግኩት። ዉፈሩን ደጋግሜ እየፈታሁ ስለነበር የአንዱ ብሎን ቀዳዳ ላላ፤ የጥርስ መጎርጎሪያ በኮላ ተነክሮ ሲገባበት ያዘ። በቧንቧው ደግሞ በረሮ ይገባል። የቧንቧውን አፍ ከውስጥ በቁራጭ አጎበር ጋረድኩት፤ አየሩን ብዙም አይዘው፣ በረሮውን ግን አስቀርቷል። አንዱ ላይ የትኩስ ሲኒ ክብ ምልክት አለ። ማን እንዳስቀመጠው ይታወቃል፣ እናቴ ናቸው። እሳቸው መጀመሪያም «ይሄን ከምታሠራ ኮመዲኖ ብታሠራ» ብለውኝ ነበር፤ አሁን እንደ ኮመዲኖ እየተጠቀሙበት ነው።

ለመሥራት ያሰባችሁ፣ አናጢ ጋ ስትሄዱ መጠኑን በሳንቲ ሳይሆን በሚሊ ጻፉ፣ የውስጥ ይሁን የውጭ መጠን ለይታችሁ። የዉፈሩን ቀዳዳ በወረቀት ሳይሆን ዉፈሩን ራሱን ይዛችሁ አስለኩ። ኮምፔርሳቶውን ስትገዙ ጠርዙን እዩት፤ ንጣፎቹ መሃል ባዶ ቦታ ካለ ሌላ ምረጡ፣ ኋላ ሙዚቃ ሲከፈት ይንቀጠቀጣል። ዋንዛውን ቢያንስ አንድ በጋ የደረቀ መሆኑን ጠይቁ። እርጥብ ዋንዛ ርካሽ ነው፣ ግን አትንኩት።