ዱባን በኮምትሬድ መፈለግ፦ የአንድ የንግድ መረጃ ቋት ግምገማ

የዱባን ዓለም አቀፍ ንግድ በአኃዝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ላኪም ይሁን አስመጪ ወይም ተመራማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከኮምትሬድ ነው። ኮምትሬድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስታቲስቲክስ ክፍል የሚያስተዳድረው የሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ መረጃ ቋት ነው፤ አገሮች ከጉምሩክ መዝገባቸው አጠናቅረው የሚልኩትን የገቢና የወጪ ንግድ አኃዝ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ዋጋውን ወደ አሜሪካ ዶላር መንዝሮ ለማንኛውም ሰው ያቀርባል። ይህንን ቋት ለዱባ ንግድ ጥናት ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለዱባ ነጋዴ ከዚህ የሰፋ ነፃ የመረጃ ምንጭ አላገኘሁም፤ ነገር ግን በዱባ ጉዳይ ላይ አኃዙን እንደወረደ ተቀብሎ የሚጠቀም ሰው በገበያው ላይ የሚኖረው ግንዛቤ የተሳሳተ ይሆናል። ጥፋቱ የቋቱ አይደለም፤ ዱባ በጉምሩክ መዝገብ ውስጥ የተሰጠው ስፍራ ያመጣው ነው።

ቋቱ ዓመታዊ መረጃን ከ1962 ጀምሮ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ወርኃዊ መረጃን ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ይዟል። ተጠቃሚው መዝጋቢውን አገር፣ የንግድ ሸሪኩን አገር፣ የንግዱን አቅጣጫ (ገቢ፣ ወጪ ወይም ዳግም ወጪ)፣ ዘመኑንና የሸቀጡን ኮድ ይመርጣል። ኮዱ መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያዘጋጀውና ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ በጉምሩክ ሰዎች ዘንድ ኤች ኤስ ኮድ የሚባለው ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በሁሉም አባል አገሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመሩትን እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ ይወስናል። ኮምትሬድ የሚያሳየው እስከ 6ኛው አኃዝ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ለስንዴ ወይም ለቡና ይህ ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ ለዱባ ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የዱባ ኮድ 070993 ነው። ይህ ኮድ የተወለደው በ2012 የኤች ኤስ ማሻሻያ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከተደረጉት ለውጦች ብዙዎቹ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለምግብ ዋስትና ክትትል የሚያስፈልገውን ዝርዝር ለማግኘት ሲባል የገቡ ነበሩ። ከዚያ በፊት ትኩስ ዱባ የራሱ ስም አልነበረውም፤ 070990 በሚል ኮድ ሥር «ሌሎች አትክልቶች» ከሚባሉት ጋር ተደባልቆ ይመዘገብ ነበር። አዲሱ ኮድ ትልቅ እርምጃ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ በውስጡ የታቀፈው አንድ ሸቀጥ አይደለም፤ ኩኩርቢታ በሚባለው የተክል ወገን ሥር የሚገኙ ሁሉ፣ ማለትም ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ፣ አንገተ ረጅሙ በተርነት፣ ጃፓኖች ካቦቻ የሚሉት ጥቁር አረንጓዴ ዱባ፣ ለጌጥ የሚሸጡት ትንንሽ ቅል መሰሎችና ለጋው ዝኩኒ ሳይቀሩ በአንድ መስመር ይመዘገባሉ።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ የእነዚህ ሸቀጦች ንግድም እንዲሁ ለየቅል ነው። ጠንካራ ልጣጭ ያለው የበሰለ ዱባ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለውና አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ካቦቻን የመሰሉ ዝርያዎችማ ከተቆረጡ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሲቆዩ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ይበልጥ ይጣፍጣሉ። ስለዚህ ይህ ዱባ በመርከብ ተጭኖ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የተፈጠረ ያህል ነው። ዝኩኒ ግን አበባው በወደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይበስል የሚለቀም፣ ልጣጩ በጥፍር የሚጫር፣ በቀዝቃዛ ተሽከርካሪ ካልተጓጓዘ በስተቀር ሁለት ሳምንት እንኳ በወጉ የማይቆይ አትክልት ነው። የአንዱ ገበያ የሚወሰነው በወቅትና በመርከብ ኪራይ ሲሆን፣ የሌላው ገበያ የሚወሰነው በአውራ ጎዳና ርቀትና በቅዝቃዜ ነው። ሁለቱን ደምሮ አንድ አማካይ ዋጋ ማውጣት ለማንም ነጋዴ የሚጠቅም ነገር አይሰጥም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የላኪዎችን ደረጃ ሳወጣ ስፔይን ከሜክሲኮ ጋር ከላይ ተቀምጣ ሳያት የበሰለ ዱባ ዋና አቅራቢ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ አንድ የጽሑፍ ረቂቅም በዚሁ ላይ ገነባሁ። እውነታው ግን ከስፔይን የሚወጣው አብዛኛው ጭነት በክረምት ወራት በአልሜሪያ የፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ የሚመረተውና በጭነት መኪና ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ገበያዎች የሚጓዘው ዝኩኒ ነው። ሜክሲኮም በበኩሏ ከሶኖራና ከሲናሎዋ ግዛቶች በኖጋሌስ በር በኩል ወደ አሜሪካ የምታስገባው ለጋውንም ጠንካራውንም ነው። በዚህ ኮድ ሥር ከሚታዩት ትልልቅ ላኪዎች መካከል አኃዙ በአመዛኙ የበሰለ ዱባን ያሳያል ብሎ በድፍረት መናገር የሚቻለው ስለ ኒውዚላንድ ነው፤ ከሆክስ ቤይና ከጊዝቦርን አካባቢ የሚጫነው ካቦቻ በዋነኛነት ወደ ጃፓንና ወደ ደቡብ ኮሪያ ይሄዳል።

ለዚህ መፍትሔው ከኮምትሬድ ውጭ ነው፤ ቋቱን የምመክረውም ከሌሎች ጋር ተጣምሮ እንዲሠራበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ቋት እስከ 8 አኃዝ ስለሚወርድ ዝኩኒን በ07099310፣ የቀረውን ሁሉ በ07099390 ለይቶ ያስቀምጣል። የአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ደግሞ ትልቁን ዱባ በአንድ መስመር፣ ስኳሽ የሚባሉትን፣ ማለትም ዝኩኒንና በተርነትን የመሰሉትን፣ በሌላ መስመር ይመዘግባል። ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱ መዝገቦች ሸቀጡን የሚከፍሉት በተለያየ ቦታ መሆኑ ነው፤ አውሮፓ ለጋውን ከበሰለው ስትለይ፣ አሜሪካ የምትለየው ዱባ የሚለውን ስም ከስኳሽ ነው፤ ዝኩኒና በተርነት በአሜሪካ መዝገብ እንደተቀላቀሉ ይቀራሉ። ስለዚህ የአውሮፓን «ሌላ ዱባ» ከአሜሪካ «ዱባ» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ታሪክ ነው። የቶንጋን ጉዳይ እንመልከት። ይህች የፓስፊክ ደሴት አገር ከ1987 ጀምሮ ካቦቻ እያመረተች ወደ ጃፓን መላክ ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዱባ የአገሪቱ ዋነኛ የወጪ ንግድ ሰብል ሆነ። ምክንያቱ የወቅት ክፍተት ነው፦ የጃፓን ዋና አምራች የሆነችው ሆካይዶ ምርቷን የምትሰበስበው ከበጋ መጨረሻ እስከ መጸው ሲሆን፣ የኒውዚላንድ ምርት ደግሞ የሚደርሰው ከአዲሱ የፈረንጆች ዓመት በኋላ ነው። በመካከል የሚቀሩትን የኅዳርና የታኅሣሥ ሳምንታት፣ ጃፓኖች በዓመቱ አጭር ቀን ዱባ የመብላት ልማድ ያላቸው መሆኑ ተጨምሮበት፣ ቶንጋ ልትሞላው ቻለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ውድድር፣ የዋጋ መውደቅና የርቀቱ ወጪ ንግዱን አቀዘቀዘው። ስለ ዱባ ዓለም አቀፍ ንግድ አንድ ምሳሌ ብቻ አንሳ ብባል የማነሳው ይህን ነው። ሆኖም በኮምትሬድ ላይ 070993 ብሎ የቶንጋን 1990ዎቹ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፤ ኮዱ ራሱ ያን ጊዜ አልነበረምና። ያለው 070990 ውስጥ ከሌሎች አትክልቶች ጋር ነው። ለቶንጋ፣ ከዚያ መስመር አብዛኛው ዱባ እንደሚሆን መገመት ይቻል ይሆናል፤ ብዙ ዓይነት አትክልት ለሚልክ ትልቅ አገር ግን ይህ ግምት አይሠራም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድ አለ። ተጠቃሚው ረጅም ተከታታይ ዘመን ለማግኘት ብሎ የቆየውን የኮድ እትም፣ ለምሳሌ የ1992ን ወይም የ1996ን፣ ቢመርጥ ቋቱ አዲሱን መረጃ ወደ አሮጌው እትም ለውጦ ስለሚያቀርብ ከ2012 በኋላ ያለው ዱባም ተመልሶ «ሌሎች አትክልቶች» ውስጥ ይሰወራል። ዱባን የሚፈልግ ሰው የ2012ን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን እትም መምረጥና የዘመኑን አጭርነት መቀበል አለበት። እንደ እኔ እምነት፣ አጭርና ንጹሕ የሆነ ተከታታይ ከረጅምና ከድብልቁ ይሻላል።

ኮምትሬድ በእውነት የሚያስደስተው ወርኃዊውን መረጃ ሲከፍቱት ነው። የዱባ ንግድ ከሁሉም በላይ የወቅት ንግድ ስለሆነ፣ ዓመታዊ ድምሩ ከሚናገረው ይልቅ የወራቱ መለዋወጥ የበለጠ ይናገራል። የጃፓንን ገቢ ንግድ በወር ከፍሎ በላኪ አገር ለሚደረድር ሰው ኒውዚላንድና ሜክሲኮ ተራ እየተሰጣጡ ገበያውን ሲይዙ፣ የአገር ውስጡ ምርት በደረሰበት ወቅትም ገቢው ሲሟሽሽ ይታየዋል። በአውሮፓ በኩል ደግሞ የስፔይን ጭነት በክረምት ያድግና ሰሜኑ ሲሞቅ፣ የፈረንሳይና የጣልያን የራሳቸው ማሳ ምርት ሲደርስ፣ ይቀንሳል። አዲስ ላኪ «የትኛው ወር ክፍት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እዚህ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ወርኃዊ መረጃ የማይልኩ ወይም ዘግይተው የሚልኩ አገሮች ስላሉ ግን ባዶ ወር ሁልጊዜ ባዶ መርከብ ማለት አይደለም።

አኃዞችን ሲያመሳክሩ ሁለቱን ወገኖች ማየት ያስፈልጋል። ላኪው ዕቃውን ወደብ ላይ ባለው ዋጋ፣ በንግድ ቋንቋ ኤፍ ኦ ቢ በሚባለው፣ ሲመዘግብ፣ አስመጪው አብዛኛውን ጊዜ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ የተጨመረበትን ሲ አይ ኤፍ ዋጋ ይመዘግባል። ዱባ ከክብደቱ አንፃር ርካሽ ሸቀጥ በመሆኑ የማጓጓዣው ድርሻ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሆኖ ቢገኝ ወዲያውኑ ስሕተት ነው ማለት አይገባም። የኔዘርላንድስ አኃዝ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በሮተርዳም በኩል ገብቶ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚሻገረው ዱባ እንደ ኔዘርላንድስ ወጪ ንግድ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ይህን አይቶ አገሪቱ ራሷ ያን ያህል አመረተች ማለት አይቻልም። በአጠቃላይ፣ ከላኪው መዝገብ ይልቅ ቀረጥ የሚሰበስበውን የአስመጪውን መዝገብ አምናለሁ፤ ዕቃው የበቀለበትን አገር ለይቶ የሚጠይቀውም እርሱ ነው።

ክብደትን በተመለከተ ቋቱ ታማኝ ነው ብዬ አመሰግነዋለሁ። አገሩ ክብደቱን ሳይልክ ሲቀር ቋቱ ገምቶ ይሞላና ግምት መሆኑን በተለየ ዓምድ ምልክት ያደርጋል። ያንን ዓምድ ሳያወርዱ የኪሎ ዋጋ ማስላት ከግምት ላይ ግምት መቆለል ይሆናል።

በ070993 ውስጥ የሌለውንም በአጭሩ ማንሳት ይገባል። የሚዘራው የዱባ ዘር ከአትክልት ዘሮች ጋር በ120991፣ የቀዘቀዘው ከሌሎች የቀዘቀዙ አትክልቶች ጋር በ071080 ይገኛል፤ ተፈጭቶ የታሸገውም በሌላ ምዕራፍ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሏል። የሚቆረጠመው የዱባ ፍሬና ከእርሱ የሚጨመቀው ዘይት፣ የኦስትሪያዋ ሽታይርማርክ ዘይት የአውሮፓ ኅብረት የመልክዓ ምድር ስም ጥበቃ ያለው ሆኖ ሳለ እንኳ፣ በ6 አኃዝ ደረጃ የራሳቸው መስመር የላቸውም።

ከጎኑ ያሉትን አገልግሎቶች ከተመለከትን፣ በጄኔቫ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከል የሚያቀርበው ትሬድ ማፕ በአብዛኛው በዚሁ የኮምትሬድ መረጃ ላይ የቆመ ቢሆንም፣ የላኪና የአስመጪ ደረጃን በአንድ ገጽ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይቀላል። ምርትን ለማወቅ ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቋት የሆነው ፋኦስታት ከ1961 ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ በቅርብ ዓመታት የዓለም ምርት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሆነና ቻይናና ህንድ እንደሚመሩ ያሳያል። የሁለቱን ቋቶች አኃዝ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ትልቁ እውነታ ይገለጥለታል፦ ከሚመረተው ዱባ ድንበር የሚሻገረው ጥቂቱ ነው፤ በምርት የሚመሩት አገሮችም በትኩስ ዱባ ንግድ የሚመሩት አይደሉም። ይሁንና ፋኦስታት ላይ የብዙ አገሮች የዱባ ምርት ይፋዊ ሳይሆን የተገመተ እንደሆነ ከአኃዙ አጠገብ ያለው ምልክት ስለሚናገር፣ እርሱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

ኮምትሬድን ለመጠቀም ለወሰነ ሰው የመጨረሻ ምክሬ የአሠራር ነው። አገሮች የላኩትን መረጃ በኋላ ያርማሉ፤ ዛሬ የወረደው አኃዝ ከወራት በኋላ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ጎን የኮዱን እትም፣ መዝጋቢውን አገር፣ የንግዱን አቅጣጫና መረጃው የወረደበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው አኃዝ ከአምናው ሲለያይ የተለወጠው ገበያው ይሁን መዝገቡ መለየት አይቻልም።