የቱሉ ዲምቱው ብየዳ ቤት፦ በሩ ጥሩ፣ ቀጠሮው መጥፎ

የመግቢያ በርና የበረንዳ ፍርግርግ ያሠራሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወረድ ብላ ካለች የቆርቆሮ ብየዳ ቤት ነው። ስም አልተለጠፈባትም። የግራይንደሩን ጩኸት ተከትላችሁ ታገኟታላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ ብዙው በያጅ እዚህም እዚያም ነጥብ አድርጎ በስቱኮ ይሸፍንና ቀለም ያለብሰዋል። በዓመቱ ማጠፊያው ይለቅና በሩ ወለል መፋቅ ይጀምራል። የእነዚህ ግን መገጣጠሚያው ዙሪያውን ተበይዷል። ዋናው ልጅ ሊለካ ሲመጣ ሜትር ብቻ አልያዘም፤ ውሃ ልኩን አውጥቶ ግድግዳዬ መዝመሙን አሳየኝ። "እትዬ፣ በሩን ቀጥ አድርጌ ከሠራሁት ግድግዳዎ ያስቀይመዋል፤ መጀመሪያ እሱን እናስተካክል" አለኝ። ተስተካከለ። አሁን በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። አንቲረስቱንም ሁለት ዙር ነው የቀቡት፣ ቆሜ አይቻለሁ።

ዋጋቸው ከሰፈሩ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ያዋጣል። ቀጠሮ ላይ ያበግናሉ። መብራት ጠፋ ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይጠፋል። መብራት ባለበት ቀንም ግን መልሱ "ነገ" ነበር። ፍርግርጉን ሲገጥሙ ደግሞ የግራይንደሩ ፍንጣሪ የበረንዳዬን ሴራሚክ አጠቆረው። ካርቶን አንጥፉ ብያቸው ነበር።

ይህን እጅ የት አገኘኸው ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። "ማረሚያ ቤት" አለኝ፣ ኤሌክትሮዱን እየቀየረ፣ ቀና እንኳ ሳይል። አብረውት የሚሠሩትን ሁለቱንም የተዋወቃቸው እዚያው ነው። እኔ ብዙም አልደነገጥኩም። ቂሊንጦ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ ስንቅ የያዙ እናቶች በምንሳፈርበት ታክሲ ነው የሚሳፈሩት።

በጠብ ነበር የታሰረው። ሙያውን ተምሮ፣ ሰርተፍኬት ይዞ በአመክሮ ወጣ። አንድ ድርጅት ፈተነው፣ አለፈ፣ ደሞዝ ሁሉ ተነጋገሩ። ከዚያ "አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ ወረቀት አምጣ፣ ዋስም ጥራ" ተባለ። በዚያው ቀረ። ታስሮ ለወጣ ሰው ደሞዙን አስይዞ የሚፈርም ዘመድ ስንቶቻችን አለን?

የሚያናድደኝ፣ ሕጉ ጨርሶ ፊቱን አለማዞሩ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። መሰየም የሚባልም አለው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን በፈጸመ በአምስት ዓመቱ፣ ቀለል ያለ የተፈረደበት በሁለት ዓመቱ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ጠባዩ መልካም ከሆነና ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ከካሰ፣ ፍርዱ ከመዝገብ ሊሰረዝለት ይችላል። ልጁ ይህን ስነግረው የሰማው ገና ያኔ ነው። ሲወጣ ማን ይንገረው? ደግሞስ አምስት ዓመት ምን እየበላ ይጠብቅ? ከግቢው የወጣ ሰው እራት የሚፈልገው በዚያው ማታ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ሰውየው ሲፈታ ይህ መብት እንዳለው ተነግሮት፣ ቅጹንም ይዞ ይውጣ። ቀላል ጥፋት ከሆነ ጊዜው ሲሞላ ጠበቃ ሳያቆም፣ ደጅ ሳይጠና በራሱ ይሰረዝ። አሻራውም ከሥራው ጋር ይያያዝ። ገንዘብ አጉድሎ የተፈረደበትን ካዝና ላይ አታስቀምጡት፣ እሺ፣ ይገባኛል። ብረት የሚበይድን ሰው ግን ድሮ የተጣላው ጠብ ከብየዳው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጎረቤቴ "እስረኛ በር ሲሠራልሽ ቁልፉንም ያውቀዋል" ብላ ስቃብኛለች። ቁልፉን የገዛሁት እኔ፣ ሦስቱም መክፈቻ እኔ ጋ። በኋላ በሩን ከፈት ዘጋ ስታደርገው አየኋትና ልጁን አገናኘኋት። አሁን የእሷን መስኮት እየሠሩ ነው፤ እሷም "ነገ" እየተባለች ነው።

ከሄዳችሁ ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጡ፤ ቀሪውን ተገጥሞ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። ካርቶኑን ራሳችሁ አንጥፉ። ቁልፉንም ራሳችሁ ግዙ፤ እነሱ የሚያመጡት ርካሹን ነው።