ለመውጫ ፈተና ያዘጋጁንን ቲቸር ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ለመውጫ ፈተና ያስጠኑንን የኢኮኖሚክስ ቲቸር በአደባባይ ለማመስገን ነው። ደግሞም ኤግዚት ኤግዛም የሚጠብቃችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ቀን እየሠራችሁ ማታ የተማራችሁ ሁሉ፣ እንድታውቋቸው ስለምፈልግ። ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም፤ ሳላስፈቅድ ማውጣት አልፈለግኩም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ።

እንደምታውቁት ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ነው። 50 ከመቶ ካልመጣ የስንት ዓመት ልፋት ዲግሪ አይሆንም። ስለዚህ ቱቶር ቤት በየሰፈሩ ተከፍቷል። ብዙዎቹ ጋ የምታገኙት ያው ነው፤ የከዚህ በፊት ጥያቄዎች፣ መልሱ፣ ከዚያ ሽምደዳ። እኚህ ቲቸር ግን የሚያስጠኑት በግሩፕ ውይይት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ግሩፕ ዲስከሽን" ሲባል ስሰማ ደስ አላለኝም። ሃይስኩል እያለሁ አንድ ለአምስት የሚባለውን አይቻለሁ። ጎበዟ ልጅ ትሠራለች፣ አምስታችን እንገለብጣለን። ኮሌጅ ስገባ ደግሞ የግሩፕ አሳይመንት መጣ። አንድ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ይሠራዋል፣ ሌላው ጠዋት ደውሎ "ስሜን አስገባልኝ" ይላል፣ ለሁሉም እኩል ማርክ ይሰጣል። ያ የሠራው ልጅ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ስሙን ያስገባውም ቢሆን አልተጠቀመም፤ ፈተና ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

እኚህ ሰው ይህንን ሁሉ አስበውበታል። መጀመሪያ ርዕሱን ቆራርሰው ያከፋፍሉናል። የየራሳችንን ክፍል ከያዝን በኋላ፣ ከሌሎች ግሩፖች ያንኑ ክፍል ከያዙት ጋር ተሰብስበን እስኪገባን እንወያያለን። ከዚያ ወደ ግሩፓችን ተመልሰን እያንዳንዳችን የያዝነውን ለሌሎቹ እናስተምራለን። መጨረሻ ላይ አጭር ፈተና አለ፣ ሁሉም ለብቻው ነው የሚፈተነው፣ የግሩፕ ማርክ ብሎ ነገር የለም። ጓደኛህ የያዘውን ካልሰማኸው ያ ጥያቄ አመለጠህ ማለት ነው።

ዘዴው ጂግሶ እንደሚባል የነገሩን እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የጀመረው ነው። ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች አንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ በዛ። እሱም ልጆቹ ከመፎካከር ይልቅ አንዱ ሌላውን እንዲፈልግ አደረገ። እኛ ክፍል የዘር ጠብ አልነበረም። ግን መናገር የለመደና ዝም ማለት የለመደ ነበር፣ ያ ልዩነት ደግሞ በቀላሉ የሚፈርስ አይደለም።

አንዱን ውይይት ልንገራችሁ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ነው ያልረሳሁት። ርዕሱ የብር የምንዛሪ ለውጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ ወደ 75 ተጠጋ፣ በጥቂት ሳምንታት ደግሞ 100 አለፈ። ቲቸር ይህንን ለአራት ከፈሉት፤ ላኪው፣ አስመጪው፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ፣ እና መንግሥት። ለመንግሥቱ ክፍል በታኅሣሥ 2016 ሳይከፈል የቀረውን የዩሮቦንድ (መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረበት ሰነድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድና አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ምንዛሪው በተለቀቀበት ቀን ያጸደቀውን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ጨመሩበት። ከዚያ "ከመጽሐፍ አትጀምሩ፣ ከምታውቁት ጀምሩ" አሉን።

እኔ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ሂሳብ ስለምሠራ አስመጪው ደረሰኝ። የሱቁ ሰው ያኔ ዕቃ ሸጦ በዚያው ብር መልሶ ማስገባት አለመቻሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ለማስረዳት አልከበደኝም። ቡና ላኪ ድርጅት የሚሠራ ልጅም ነበር። ድሮ አንዳንድ ላኪ ቡናውን በኪሳራ ይልክ እንደነበር፣ ዋናው ፍላጎቱ ዶላሩን አግኝቶ ዕቃ ማስገባትና እዚያ ላይ ማትረፍ እንደነበር ሲነግረን ብዙዎቻችን ገረመን። ላኪው ለራሱ የሚያስቀረው የውጭ ምንዛሪ ከ40 ወደ 50 ከመቶ ከፍ ማለቱ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ አንዲት ልጅ አለች፣ ከዚያ ቀን በፊት ድምጿን ሰምተነው አናውቅም። እሷ የያዘችው የቤተሰቡን ክፍል ነበር። እህቷ ዱባይ ናት። "ድሮ እህቴ በባንክ ልካ አታውቅም፣ ብላኩ እጥፍ እየሰጠ ለምን በባንክ ትልካለች? አሁን ግን የባንኩ ዋጋ ሲጠጋጋ በባንክ መላክ ጀመረች" አለች። ቀጥላም ይህ ለባንኮች የዶላር አቅርቦት ምን ማለት እንደሆነ በራሷ አፍ፣ በአማርኛ፣ ቁልጭ አድርጋ አስረዳችን። መጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ የፈጀውን ነገር። ሁላችንም ደብተር አውጥተን ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ዝም ብላ አታውቅም፣ ደስ ይላል።

ክርክርም ነበር። አንዱ "ብር ከወደቀ ኤክስፖርት ወዲያው ይጨምራል" ብሎ ድርቅ አለ። የቡናው ልጅ "ዛሬ የተተከለ ቡና ፍሬ የሚሰጠው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው፣ በአንድ ወር ከየት ይመጣል?" አለው። ሌላዋ ደግሞ ነዳጅና መድኃኒት ዋጋው ቢወደድም መግዛታችን እንደማይቀር ጨመረች። ስለዚህ መጀመሪያ የንግድ ጉድለቱ ሊብስ ይችላል፣ መሻሻሉ የሚመጣው ቆይቶ ነው ማለት ነው። ቲቸር እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ክርክሩ ሲያልቅ ተነሥተው ሰሌዳው ላይ መስመር ሣሉ፣ ወደ ታች ወርዶ የሚመለስ፣ "አሁን የተናገራችሁት ጄ ከርቭ ይባላል" አሉን። ኮሌጅ እያለሁ ጄ ከርቭን ሸምድጄ ረስቼዋለሁ። አሁን ግን ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ይህ እንዲሆን ትንንሽ ነገሮችን አጥብቀው ይይዛሉ። ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ጥቂት ደቂቃ በዝምታ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ይህቺ ብቻዋን ዓይን አፋሮቹን አዳነች፣ ምክንያቱም ተራው ሲደርስ የሚያነበው ነገር አለው። ግሩፑን ወክሎ የሚናገረው ውይይቱ ካለቀ በኋላ በዕጣ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ማንም ስልኩን እየነካካ አይቀመጥም። "አልገባኝም" ያለ ሰው መልሱን የሚያገኘው መጀመሪያ ከጓደኞቹ ነው፣ እሳቸው የሚገቡት ከተሳሳትን ብቻ። ቋንቋው ደግሞ መጀመሪያ አማርኛ፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ። ለእኔ ትልቁ ውለታቸው ይህ ነው። እንግሊዝኛ ስለሚያስፈራን ብቻ የማናውቅ የምንመስል ብዙ ነን። ሐሳቡ በአማርኛ ከገባህ በኋላ የሚቀርህ ቃላት መፈለግ ነው።

ደግሞ ታጋሽ ናቸው። አንድ ልጅ ሲንተባተብ ሌላው ሊጨርስለት ከሞከረ "ይጨርስ፣ ተዉት" ይሉና ይጠብቃሉ። ቁጣ የለም፣ ማሸማቀቅ የለም። ከሥራ ደክሞን ስንመጣ የሚያውቁልን ሰው ናቸው።

ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ተመስገን። አብረውኝ ካጠኑት ያላለፉም አሉ፣ እነሱም ለሚቀጥለው ዙር እሳቸው ጋ ተመልሰዋል።

መሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አትሂዱ፣ አይጠቅማችሁም፣ ይህ አካሄድ ጊዜ ይፈልጋል። መልስ ብቻ ይዞ መውጣት የሚፈልግ ሰውም ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል። የተሰጣችሁን ክፍል ሳታነቡ ከመጣችሁ የሚጎዳው ግሩፑ ሁሉ ነው፣ ስለዚህ አንብባችሁ ኑ። የሚያስጠኑት ቅዳሜና እሑድ ነው፣ መገናኛ አካባቢ፣ ከሥራ ለሚመጣ ትራንስፖርቱ አይቸግርም። ክፍያው እኔ ከጠየቅኳቸው ሌሎች ቱቶር ቤቶች አይበልጥም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለማይቀበሉ ግን ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ። የሚያስጠኑት ኢኮኖሚክስ ነው፣ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ልጆችም ለማይክሮና ማክሮ ሲመጡ አይቻለሁ።

መምህራን ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አንድ ቀን መጥታችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ብታዩ ደስ ይላቸዋል፤ እኛ እያለን የመጡ ነበሩ፣ በነጻ አስገብተው ወረቀቱን ሁሉ ሰጥተዋቸዋል።

ቲቸር፣ ይህ ከደረሰዎት እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ላይ ዲፓርትመንታችሁንና ፈተናው መቼ እንደሆነ ጻፉልኝ።