ከባሕር ዳር ወደ እንግሊዝ ለሚሄድ ሰው፦ የኤንኤችኤስ የአካል ለጋሾች መዝገብ ሲገመገም

ኤንኤችኤስ የብሪታንያ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ነው፤ በዚህ መዝገቡ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉን መስጠት መፈለግ አለመፈለጉን ያስመዘግባል። ነጥባችን ከአምስት አራት ነው። መዝገቡ ነጻ ነው፤ ቅጹ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰውም በፈለገው ጊዜ ገብቶ ማስተካከል ይችላል። አንዱን ነጥብ የቀነስነው በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት መውጫዎች ስላሉት ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን የሚታከም የኩላሊት ሕመምተኛ “ንቅለ ተከላ” ሲባል ቶሎ የሚታየው በሕይወት ያለ እህቱ ወይም ወንድሙ ነው። አዲስ አበባ የጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጀመረውም ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው። እንግሊዝ ግን ከሞት በኋላ ስለሚሰጥ አካል የወጣው ሕግ ሰውየው ሰማም አልሰማም ይመለከተዋል። ከሜይ 20 ቀን 2020 (ይህና ቀጥሎ ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው “አልሰጥም” ብሎ ካላስታወቀ እንደተስማማ ይቆጠራል። ዌልስ ከ2015፣ ስኮትላንድ ከ2021፣ ሰሜን አየርላንድ ከ2023 ጀምሮ በተመሳሳይ ሕግ ይሠራሉ፤ ስኮትላንድ ላይ ግን ዕድሜው ከ16 ይጀምራል።

ለአዲስ ገቢ ዋናው ቁጥር 12 ወር ነው። ከመሞቱ በፊት ቢያንስ 12 ወር አገሩ ላይ ያልኖረ ሰው ዝምታው እንደ ፈቃድ አይወሰድበትም። የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ለሦስት ወር የሄዱ እናት ሕጉ አይነካቸውም። በኬር (አረጋውያንንና ሕሙማንን በመንከባከብ) ሥራ የሄደች ልጅ ግን ዓመት ሲሞላት ማንም ሳይነግራት ሕጉ ውስጥ ትገባለች። ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም።

ይህ የሚያስደነግጠው ካለ፣ አካል መስጠት በሚያስችል ሁኔታ የሚሞተው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ነው። በዝምታ የሚገኘው ፈቃድም ለተለመደው ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። ፊት፣ እጅ ወይም ማህፀን ያለ ግልጽ ፈቃድ አይወሰድም።

ቅጹ እዚያ ያለ አድራሻና የፖስታ ኮድ ስለሚጠይቅ ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ለመሙላት መሞከር ድካም ነው። ቤት ከተገኘና ሐኪም ቤት ከተመዘገቡ በኋላ ይሙሉት። ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፋል፤ አንድ ቦታ በአባት፣ ሌላ ቦታ በአያት ስም የተመዘገበ ሰው በችኮላ ሰዓት ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ልደትም እንዲሁ፦ መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ብሎ ይሞላል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ካላለ በስተቀር።

ቀጥሎ ምርጫው ነው፦ ሁሉንም እሰጣለሁ፣ የተወሰነውን እሰጣለሁ፣ አልሰጥም። “የተወሰነውን” ያለ ሰው ከልብ፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ ከጉበት፣ ከቆሽት፣ ከቀጭን አንጀት፣ ከዓይን ብሌንና ከሕብረ ሕዋስ ይመርጣል። ኩላሊቴን ውሰዱ፣ ዓይኔን ግን አትንኩ ማለት ይቻላል። ቅጹ ላይ ከወደድናቸው ነገሮች አንዱ የእምነት ጥያቄው ነው፦ የኤንኤችኤስ ሠራተኞች ስለ ሃይማኖትዎ ከቤተሰብዎ ጋር እንዲነጋገሩ ይፈልጋሉ ወይ ይላል። ግንዘቱና ፍትሐቱ፣ ወይም የጀናዛው ጊዜ የሚያሳስበው ሰው “አዎ” ይበል።

አሁን ወደ ቀነስነው ነጥብ። “ምዝገባዬን ሰርዙልኝ” ማለትና “አልሰጥም” ማለት አንድ አይደሉም። የሰረዘ ሰው መዝገቡ ላይ ምንም ውሳኔ የለውም፤ ውሳኔ የሌለው ደግሞ አገሩ ላይ 12 ወር ከኖረ እንደፈቀደ ይቆጠራል! እንቢ ማለት የፈለገ ሰው “አልሰጥም” የሚለውን ራሱን ይመዝግብ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡም ስለ ልገሳ ስለሚጠየቅ ሳያስተውሉ ምልክት አድርጎ ማለፍ አለ፤ የሚጸናው የመጨረሻው ውሳኔ ነው። የኤንኤችኤስ መተግበሪያ ያለው ሰው የቱ እንደተመዘገበ እዚያው ያያል።

መዝገቡ ብቻውን አይበቃም። የአካል ልገሳ ነርሶች ሁልጊዜ ቤተሰብ ያነጋግራሉ፤ ቤተሰቡ ካልደገፈ በተግባር አይቀጥልም። ቤተሰቡ ግሽ ዓባይ ሰፈር ከሆነ ስልኩ የሚደወለው እዚያ ነው፤ ከሐዘኑ ጋር “ልጅዎ ምን ይል ነበር?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ እናትና አባት ውሳኔውን በደህናው ጊዜ፣ ከራስዎ አፍ ይስሙት። ለእነሱ የሚከብድ ከሆነ እስከ ሁለት ሰው መወከል ይቻላል። አስከሬን ወደ ባሕር ዳር መላክ ልገሳው አይከለክለውም፤ ቁስሉ እንደማንኛውም ቀዶ ሕክምና ይሰፋል፣ ፊትም ይታያል። የማጓጓዣው ወጪ ግን ያው የቤተሰብና የእድር ነው፤ ኤንኤችኤስ አይከፍልም።

በሕይወት እያሉ ኩላሊት ለመስጠት ወደዚያ የሚጓዝ ዘመድ በዚህ መዝገብ አያልፍም። ንቅለ ተከላው ከመፈቀዱ በፊት ገለልተኛ መርማሪ ሰጪውንና ተቀባዩን ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራል፤ ማስፈራሪያ ወይም ክፍያ እንደሌለም ያጣራል። አካል መሸጥም መግዛትም በፈረንጅ 2004 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነው። እኛ ዘንድ እናትና ልጅ በስም ስለማይገናኙ ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ ተይዞ ይሄዳል። አስተርጓሚውም ዘመድ መሆን አይችልም፤ እንግሊዝኛ የሚችል የአጎት ልጅ ይዞ መግባት ቀጠሮ ከማስተላለፍ ያለፈ ጥቅም የለውም።